አጎቴ፣ ንቦቻቸውና መንግሥታቱ

በአገራችን የገበሬ የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ሲነበብ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ዘመን ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ሲፈቅድ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጠሩ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ትዳር መሠረቱ፤ ከዚያም «ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ በግብርና ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል»። ይኸው ነው። ስድሳ ዓመት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይጠቀለላል። ባለሥልጣን ሲሞት የተመደበባቸው መሥሪያ ቤቶች በተራ ይዘረዘራሉ፤ የእኛ ቢጤ መምህር ሲሞት ማንም ያላነበባቸው ጥናቶቹ ርእስ ሳይቀር ይነበባል፤ ገበሬ ሲሞት ግን አረሰ ይባልና ይበቃል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በተወለዱባት መንደር ዐረፉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የከረመ ስለነበር ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ለቀብራቸው መድረስ አልቻልኩም። ልጃቸው የተነበበውን ጽሑፍ በስልክ ደግሞ አነበበልኝ። ከላይ የጠቀስኳት ዓረፍተ ነገር ሳትጎድል ሳትተርፍ እዚያው ነበረች። ልጁን አልወቅሰውም፤ የቀብር ጽሑፍ የሚጻፈው በሌሊት፣ በለቅሶ መሐል ነው። እኔ ጊዜ ስላለኝ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ውጭ የቀረውን እዚህ ልጽፈው ወደድኩ። ስማቸውን ግን አልጠራም። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በመንግሥት መዝገብ ላይ በሰፈረ ቁጥር አንድ ነገር ሲወሰድባቸው ኖረዋልና።

ፈረንጆች «ሆቢ» የሚሉትን እኛ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን ተርጉመነዋል። የቢሮ ሰው ትርጉም ነው። ትርፍ ጊዜ የሚኖረው አስቀድሞ ጊዜውን በደመወዝ የሸጠ ሰው ነው። ገበሬ ጊዜውን የሚካፈለው ከዝናቡ፣ ከበሬዎቹና ከቅዱሳኑ ጋር ነው። በወር ውስጥ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ አሉ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩበት ሞፈር የማይነካባቸው ቀኖች ወደ ወሩ ግማሽ ይጠጋሉ። ይህን ቁጥር ይዞ «ገበሬው የደኸየው በበዓል ብዛት ነው» ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን፣ አጎቴ ካዩአቸው ሦስት መንግሥታት (ወይም እንደ አቆጣጠራችሁ አራት) አንዳቸውም አጥተው አያውቁም። አጎቴ ግን ያወቁትን ሁሉ ያወቁት መሬት በማይነካባቸው በእነዚያ ቀኖች ነው። በዓል ባይኖር ኖሮ ጥሩ አራሽ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የባለቤታቸውን ቃል ባልጨምር ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። አንድ ጊዜ ይህንኑ አሳቤን ነግሬያቸው «ልክ ነህ» አሉኝ፣ «የእርሱ በዓል ነው፤ ለእኔ ግን ድፍድፉም ጠላውም ወጡም በበዓል ይብሳል እንጂ መቼ ይቀራል?» ለዚህ መልስ የለኝም፤ አጎቴም አልነበራቸውም።

ከሁሉም የሚበልጥባቸው ንብ ነበር። ቀፎውን ከሽመል ራሳቸው ይሠሩታል፤ በእበትና በጭቃ ይለቀልቁታል፤ በደኅናው ዘመን ዐሥራ ስድስት ቀፎ ነበራቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር አደይ አበባውና ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ከቀፎው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ንቡ ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። ያያሉ ስል ዝም ብለው ያያሉ ማለቴ አይደለም። ይቆጥራሉ። በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው አቅጣጫ፣ ምን ዓይነት ዱቄት እግሩ ላይ ይዞ እንደሚመጣ ለይተው ያውቁ ነበር።

እንደምታውቁት በእኛ አገር የንቧን እናት «አውራ» እንላታለን፤ እንደ አውራ ዶሮ ወንድ አድርገናት ማለት ነው። አጎቴ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ቀፎ ከፍተው በማየት ብቻ፣ አውራው ሴት መሆኗንና እንቁላሉን ሁሉ የምትጥለው እርሷ መሆኗን በወጣትነታቸው ደርሰውበት ነበር። ለጎረቤት ሲናገሩ ተሳቀባቸው፤ «ንጉሥ ነው እንጂ ንግሥት የት አይተሃል?» ተባሉ። እኔ ነገሩን በትምህርት ቤት የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አግኝቼ ሳነብላቸው ደስ ከማለት ይልቅ ትንሽ ቅር አላቸው። «ታዲያ ተጽፎ ከነበረ ለምን አልነገሩንም?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር ከተማሪዎቼ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ይኸው የአውራ ጉዳይ ፖለቲካም ሆኖ ነበር። ገዢው ግንባርና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። ከዚያ ምርጫ ወዲህ «አውራ ፓርቲ» የሚለው አባባል በራዲዮ ሲደጋገም አጎቴ ሰምተዋል። ለክረምት ዕረፍት ስሄድ ቡና ላይ ጠየቁኝ።

«ስማ እስቲ፣ ይቺ አውራ ፓርቲ የሚሏት እንቁላል ትጥላለች?»

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኩ እየሳቅሁ።

«እንቁላል የማትጥል ከሆነማ አውራ አይደለችም፤ ድንጉላ ናት። ድንጉላ ደግሞ ማር ይበላል እንጂ ማር አይሠራም።»

ይህን በየመድረኩ ስለ ፓርቲ ሥርዓት ከሚቀርቡት ጽሑፎች ጋር አነጻጽራችሁ እናንተው ፍረዱ።

ስለ ፖለቲካ አጎቴን ንባብ አላስተማራቸውም፤ ዕድሜያቸው አስተማራቸው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀና ጎጃም አመፀ። ርስቱ ተለክቶ ሊነጠቅ ነው ብሎ የጠረጠረው ገበሬ በሞጣም በብቸናም በደጋ ዳሞትም አልገብርም አለ፤ መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም ቀረ። አጎቴ ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሱልኝ አንድ ነገር ነበር፤ «አውሮፕላን መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ድምፁ የንብ ይመስላል፤ ገላው ግን የጥንዚዛ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጠው በጋለ ብረት እየበሱ ዋሽንት ይሠሩ ነበር፤ የቀዳዳውን ርቀት በጣታቸው ይለካሉ፤ ድምፁ ካላማራቸው ይሰብሩታል፤ ካማራቸው ለእረኛ ይሰጡታል። አንድም አልሸጡም። ገበጣ ይወዳሉ፤ ሲሸነፉ ግን ይቆጣሉ። ባሕረ ሐሳብን ደግሞ በቄስ ትምህርት ቤት በጆሮ የያዙትን በሽምብራ ፍሬ ይሠሩታል። የ2016ን ፋሲካ ሲያወጡ፣ ነሐሴ ላይ፣ በስልክ እያስከተሉ አሠርተውኛል። ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 10 ይሆናል። 10 በ11 ሲባዛ 110፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ አበቅቴው 20። 10 በ19 ሲባዛ 190፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ መጥቅዑ 10። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ አንድ ሽምብራ ከመደቡ ሥር ወድቋል ማለት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን እንደሚውል ነገሩኝ፤ በዚያው ቀን ዋለ። እርሳቸው አላዩትም።

ራዲዮናቸው የባትሪ ድንጋይ የሚበላ አሮጌ ራዲዮ ነበረች። በደርግ ዘመን የጀርመንንና የአሜሪካን የአማርኛ ሥርጭት ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍነው ይሰሙ ነበር፤ በኋላም ልማድ ሆኖ ብርድ ልብሱን አልተዉትም። ከሰሙት ሁሉ አንዱ ያስገርማቸው ነበር። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ እንደነበር ሰሙ። መብቱ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሔግ ፍርድ ቤት ለኔዘርላንድ የሚጸናውን ፓተንት ፈጠራ የለበትም ብሎ ዋጋ ቢስ አድርጎታል። ከጠየቀው ነገር አንዱ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ የተሻለ ዱቄት ይወጣዋል የሚል መሆኑን ስነግራቸው ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ሰማሽ? የጎተራሽን ነገር ፈረንጅ ደርሶበታል» አሉ።

አሁን ወደ ደብተሮቹ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም የእነርሱ ነገር ነው።

አጎቴ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ ይመዘግቡ ነበር። መለኪያቸው ጣታቸው ነው። በማግሥቱ ማለዳ ማሳው መሐል ሌባ ጣታቸውን ይሰዳሉ፤ ርጥበቱ እስከ የትኛው አንጓ እንደ ደረሰ ይጽፋሉ። «ሰኔ 9፣ ማታ ዘነበ፣ ሁለተኛ አንጓ።» «ሐምሌ 2፣ በረዶ፣ የባቄላው አበባ ረገፈ።» በኋላ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማስመሪያ ወሰድኩላቸውና በቲማቲም ቆርቆሮ መለካት ጀመሩ፤ አንጓውን ግን ከጎኑ መጻፍ አላቆሙም። ከዝናቡ ሌላ የጤፍና የጨው ዋጋ፣ ንቡ የፈለሰበት ቀን፣ ላም የወለደችበት ቀን ይገኝበታል። እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። የአንድን ወረዳ የአየር ጠባይ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተተከለ ጣቢያ እየገመትን እንደምንጽፍ ስለማውቅ፣ የእነዚህ ደብተሮች ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለሥራ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም።

መጻፍ መቻላቸው ግን ዕዳ ሆነባቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታውጆ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊ ተፈለገ፤ በመንደሩ እጁ የሚነበብ ሰው እርሳቸው ነበሩ። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመት ጻፉ። የጻፉት ኮታ ነው። ማን ስንት ኩንታል ለመንግሥት እህል ገዥ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እንዳስረከበ፣ የማን እንደጎደለበት። በአንዳንድ ዓመት ኮታ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር፤ አጎቴም ራሳቸው እንዲህ አድርገዋል። ኮታው የቀረው ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀበት በ1982 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ጸሐፊነቱን ከዚያ በፊት፣ ዓይኔን አመመኝ ብለው ትተውት ነበር። ዓይናቸው እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ከእኔ ዓይን ይሻል ነበር።

ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲከፋፈል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ»፣ የንጉሡ ዘመን ባለይዞታዎች ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ሲፈቀድለት እነዚህ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይኖራቸው ተወሰነ። ከጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነበር። አጎቴ ዐሥራ አንድ ጥማድ መሬት ነበራቸው፤ አራት ቀረላቸው። ሦስት ዓመት እስክሪብቶ የያዘ እጅ በጥማድ ሰባት ከፈለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልናገር፤ አንባቢ በችኮላ እንዳይፈርድብኝ። መሬት ያልነበረው ወጣት መሬት ማግኘቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የአጎቴ ማሳ የተሰጠው ሰው ሦስት ልጆች ይዞ በእናቱ ጓሮ ይኖር የነበረ ጎልማሳ ነው፤ መሬቱ ይገባው ነበር። የማልቀበለው ሰውን በሥራው ሳይሆን በስሙ መክፈልን ነው። ኮታውን የወሰነው ሌላ፣ የበላው ሌላ፣ «ቢሮክራሲ» የተባለው ግን ጓሮው ውስጥ ሽንኩርት የሚተክል የመንደር ጸሐፊ ሆነ። ቢሮ አይቶ የማያውቅ ቢሮክራት በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ የአስተዳደር ሳይንስ ሰዎች ይንገሩን።

ከመሬቱ ይልቅ ያሳመማቸው ደብተሮቹ ናቸው። ለማስረጃ ይፈለጋሉ ተብለው ተወሰዱ። በዚያ ሰሞን ደብተር ያለበት ቤት ሁሉ የኮታ መዝገብ ይመስል ነበር። የሰኔን ዝናብ የሐምሌን በረዶ አገላብጠው ምንም ሲያጡ መለሱላቸው፤ ሁለቱ ግን አልተመለሱም። ከ1971 እስከ 1974 ዓ.ም. ያለው ዝናብ በዚያ መንደር የለም። ዘንቦ ነበር፤ ጤፍም በቅሎ ነበር፤ ማስረጃው ግን የለም። አጎቴ ስለ ጥማዱ ሲነሣ «መሬትማ ያው እዚያው አለ፤ የትም አልሄደ» ይሉ ነበር፤ ስለ ደብተሮቹ ሲነሣ ግን ከቤት ይወጣሉ።

ቀፎዎቹ የነበሩበት የኮሶ ዛፍ ያለበት ጥግም ወደ ሌላው ሰው ድርሻ ገባ። ዐሥራ ስድስቱን ቀፎ ማሳደሪያ ስላጡ ከፊሉን አከፋፈሉ። ለማን ብትሉ፣ ሁለቱን መሬታቸው ለተሰጠው ለዚያው ሰው። ጎረቤት ሲገረም «ዛፉን ንቡ ያውቀዋል፤ ሰውዬውን ደግሞ ንቡ ያስተምረው» አሉ። እርሱም የሚገርም ንብ አሳቢ ወጣው። ኋላ ቱ ፎር ዲ የሚሉት የአረም መድኃኒት በየጤፍ ማሳው መረጨት ሲጀምርና ንብ ሲያልቅ፣ ሁለቱ አብረው በየቤቱ እየዞሩ «እባካችሁ ንቡ ከገባ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ርጩ» ብለው ይለምኑ ነበር። የሰማም ያልሰማም ነበር። የልማት ሠራተኛው ሪፖርት ላይ የጤፍ ኩንታል እንጂ የሞተ ንብ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ታሪክ ቀልደኛ ነው። በ1989 ቢሮክራሲ የተባሉት ሰው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ሞዴል አርሶ አደር» ተባሉ። ጤፍን እንደ ወትሮው ከመበተን ይልቅ በመስመር ዝሩ የሚለው ዘመቻ የመጣ ጊዜ ነው። በብተና ለአንድ ሄክታር ከሃያ አምስት ኪሎ ያላነሰ ዘር የሚበላው ጤፍ በመስመር በአምስት ኪሎ ይበቃዋል ተባለ። ሌላው በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ አጎቴ ሁለት ጥማድ ወስደው ለሁለት ከፈሉት። አንዱን በመስመር፣ አንዱን በብተና፣ ያንኑ ቁንጮ የሚባለውን ዘር፣ በአንድ ቀን ዘሩ። ሁለቱን ለይተው አጨዱ፣ ለይተው ወቁ፣ ለይተው መዘኑ። በመስመሩ በለጠ፤ ነገር ግን የዘራውና ያረመው ሰው ጉልበትም በለጠ። ሁለቱንም ጻፉ። ባለሙያው መጥቶ የመጀመሪያውን ገልብጦ ሄደ። ሁለተኛውን «ይህ ለሪፖርት አይሆንም» አላቸው። በዓመቱ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ከጎጆው ግድግዳ ላይ የነበረችውን ስንጥቅ ሸፈኑባት።

የማልወደው አንድ ነገር አለ። የእኛ ሰው ገበሬን ከሁለት በአንዱ ነው የሚያውቀው፤ ወይ ኋላ ቀር ነው ወይ «የአገር ዋልታ» ነው። ንጉሡ ገባር አሉት፣ ደርግ ጭቁን አለው፣ ኢሕአዴግ አርሶ አደር አለው፤ ስሙ ሲያምር ዕዳው አልቀለለም። አጎቴ ራሳቸውን ገበሬ ብቻ ይሉ ነበር። ቃሉ ከግዕዙ «ገብረ» ነው፣ «ሠራ» ማለት ነው ብዬ ስነግራቸው «አዎ፣ እኛ እንሠራለን፤ እነርሱ ስም ያወጣሉ» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ለጥቂት ቀናት ሲከፈት እስከ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አትችልም ተባልኩ። የአጎቴ ልጅ በእግርም በመኪናም መጥቶ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ደብተር አመጣልኝ። ሃያ ሦስት ናቸው። ሆቴል ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ደርድረን እስከ ሌሊት አየናቸው። አይጥ የበላው፣ ማር የፈሰሰበት፣ በልጅነቴ እኔ ፈረስ የሳልኩበት ገጽ አለ። የመጨረሻው ደብተር ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ግን አልተጣመመም። «ጥቅምት 4፣ ካፊያ፣ አንጓ አልሞላም።» «ጥቅምት 11፣ ኑጉ አበበ።» «ጥቅምት 21፣ ዝናብ የለም። ተኩስ ነበር። ንቡ ቀኑን ሙሉ አልወጣም።» ከዚያ በኋላ ሁለት ገጽ ብቻ ተጽፏል።

ደብተሮቹን ይዤ መጥቼ በሥርዓት ወደ ኮምፒዩተር እያስገባሁ ነው። የአጎቴ ልጅ ሲሰናበተኝ ስለ ንቦቹ ጠይቄው ነበር። ከስድስቱ ቀፎ ሁለቱ ጥለው ሄደዋል፤ አራቱን ያ ጎረቤታቸው እየጠበቃቸው ነው። ሰውዬው ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ፊት የሚሸፍን መረብ ከአዲስ አበባ ፈልጌ እንድልክለት ጠይቆኛል። መርካቶ አግኝቼ ገዝቻለሁ፤ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።